ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው ወንበር

ውድ ብሎኔ፣

ሰላምታ ለመደርደር ትዕግሥቱ ስለሌለኝ በቀጥታ ልንገርሽ። አባትሽ ዛሬ ጠዋት መኪናዋን፣ ዳክዬን፣ አስነስቶ ወጥቷል። አዎ፣ አልተሳሳትሽም። አባትሽ፣ ራሱ፣ ብቻውን። እስካሁን አልተመለሰም። እኔ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፍልሻለሁ። እጄ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ጥርሴ ጥፍሬን ጨርሶ ወደ ጣቴ መሻገሩ ነው።

በስልክ ልጽፍልሽ እችል ነበር። ግን አንቺ በስልክ የምልክልሽን ሁሉ እንደ ቀልድ ነው የምታዪው። አልፈርድብሽም፤ አብዛኛው ቀልድ ነው። የዛሬው ግን ግማሹ ብቻ ስለሆነ ወረቀት ይገባዋል ብዬ ነው። እናትሽ ኩሽና ውስጥ ምስር እየለቀመች ነው። ያንኑ ትሪ ደጋግማ ስትለቅመው ድንጋዩ አልቆባት አሁን ምስሩን መጣል ጀምራለች። «አልመጣም?» ትለኛለች በየመሀሉ። «በእሱ አነዳድ መንገዱ ነው የሚመጣው፤ እሱ ቆሟል» እላታለሁ። አትስቅም። እኔም አልሳቅኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፤ ምክንያቱም የጀመርሽው አንቺው ነሽ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሄዳችሁ ቀን እኔ እንደ ልማዴ በር ከፍቼ፣ እጄን አውለብልቤ ቀረሁ። በዚህ ቤት ሥራዬ ይኸው ነው። እናንተ ሦስታችሁ ትወጣላችሁ፤ አባትሽ መሪው ላይ፣ እናትሽ አጠገቡ፣ አንቺ ከኋላ በቀኝ በኩል፤ እኔ በሩ ላይ። ኩርባው ላይ የሆነውን ከእናትሽ ነው የሰማሁት። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ የጭነት መኪና መሀል መንገድ ይዞ መጣ፤ አባትሽ መሪውን ወዲህ ሰበረ፣ መልሶ ወዲያ ሰበረ። ዳክዬ እንደ ስሟ ሆነች። ወደ ቀኝ ተጋደመች፣ ወደ ግራ ተጋደመች፣ አልበቃትም ብላ ደግሞ ወደ ቀኝ። እናትሽ ጮኸች። አንቺ አልጮህሽም። መኪናዋ ስትረጋ፣ በዚያ ጥርስ ልትነቅዪ ስትይ በምትናገሪበት ለስላሳ ድምፅ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ መንዳት የለብህም» አልሽው።

ብሎኔ፣ ልወቅስሽ አይደለም። ያንን ወንበር አላውቀውም፤ እኔ በር ከፋች ነኝ። ግን ያልሽውን የሰማው ማን እንደሆነ አስቢው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። እሱ ሲነዳ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ ሻይ ቢይዝ ጠብታ አይፈስበትም ይባልለት ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚለው ራሱ ቢሆንም። የዚያን ቀን ሻንጣሽን ተሸክሞ አስገባሽ፣ ግንባርሽን ሳመሽ፣ እናትሽን ይዞ እንደ ጉንዳን እየዳኸ ወደ ቤት ተመለሰ። ቁልፉን ከበሩ ጀርባ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ዛሬ ጠዋት ነው ያወረደው።

እዚያ ሆነሽ ያላየሽውን እኔ ልንገርሽ። አባትሽ ተቀመጠ። ሌላ የሚባልበት ቃል የለኝም። ሬዲዮ ይከፍታል፣ አይሰማውም። ጋዜጣ ይዘረጋል፣ ገጹን አይገልጥም። አንቺ ስትደውዪ የምትባባሉትን ደግሞ እኔ ከጎን ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፤ ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ። እናትሽ ትኸውልሽ።» ሁለት ደህና ሰዎች እንደዚህ ሲታመሙ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን እናትሽ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ኖሯት «አድርሰኝ» ብትለው፣ ምን እንዳላት ታውቂያለሽ? «ታክሲ ጥሪ። ጥርስ ነቃይዋ ልጅሽ መሪውን ከእጄ ነቅላዋለች።» ሳቀበት ደግሞ። ያቺ ሳቅ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

እኔ ትምህርቴ ፈትቶ መግጠም እንደሆነ ታውቂያለሽ። ትንሽ ልጅ እያለሽ የገጠምኩት ነገር ሁሉ አንድ ብሎን ይጎድለው ነበር፤ ግቢውን አስሼ አስሼ መጨረሻ ላይ ከአንቺ ኪስ ይገኛል። ስምሽም ከዚያ መጣ። እና ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ይህ የአባትሽ እጅ ጉድለት ነው ወይስ የዳክዬ? አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ቁልፏን ሰርቄ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርኩባት። ማልኩልሽ፣ ያቺን መኪና በዚያ ኩርባ ያሳለፈ ሰው ሽልማት ነው የሚገባው። ቁመቷ የቆጥ፣ የፊት ሞላዎቿ እንደ ፍራሽ የላሉ፣ የኋላ ባሌስትራዋ፣ ያ የተደራረበው የብረት ሞላ፣ የደከመ። መኪና ሲዘል ልጓም የሚሆነው አሞርዛተር ደግሞ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ቂጧን ገፋ አድርጌ ብለቃት ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ደጋግማ ሰገደችልኝ። በረዥም እግር ላይ የቆመ ሰካራም ማለት ናት። ሹፌሩ መሪ ያዞራል፣ እሷ ትንሽ አስባ ነው የምትታጠፈው።

እጁ አይደለም፤ የሷ ወገብ ነው። ግን ይህን ለአባትሽ በአፍ ብነግረው ያምነኛል? «አንተ ደግሞ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ለአንቺም ብነግርሽ «አጎቴ ሊያስታርቀን ነው» ትያለሽ። ስለዚህ ዳክዬን ዝቅ ላደርጋት፣ ወገቧን ላጠብቅላት ወሰንኩ። ማንም ሳያውቅ። ያለ ተንኮል የምሠራው መልካም ሥራ እንደማይሳካልኝ መቼም ታውቂያለሽ።

«ጋሼ፣ ዳክዬ ውስጥ አይጥ ገብቷል» አልኩት።

«እና?»

«ሽቦ ይበላል። ጋራዥ ልውሰዳት።»

ጋዜጣውን እንኳ ዝቅ አላደረገም። «ውሰዳት። አይጡ መንዳት ከቻለ ቁልፉን ስጠው።»

ወደ ሚሊ ወሰድኳት። ሚሊን አታውቂውም፤ ከአባትሽ የማይተናነስ ሆድና የራሱ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ብረት ያዞራል፣ ይቀርጻል። ሚሊ ያልኩት «አንድ ሚሊ ይቀራል» ሳይል ሥራ ስለማያስረክብ ነው። እኔ መቼም የምቸኩል ሰው ነኝ፤ «ሞላዎቹን በእሳት ቆርጠን ብናሳጥራቸውስ?» ብለው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«እጅህን ነው በእሳት የምቆርጠው» አለኝ። «እሳት የነካው ሞላ ሞተ በለው። ትጫነዋለህ፣ ይቀመጣል። ብትለቀው አይነሳም።»

ጋዜጣ ይዞ የተቀመጠው ወንድሜ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ።

ደንበኛ አጭርና ጠንካራ ሞላ ፈልገን ፊት ገጠምን። አሞርዛተሮቹን ሁሉ በአዲስ ቀየርን። ሁለቱን የፊት እግሮች የሚያያይዘውን፣ ስትታጠፍ እንዳትጋደም የሚይዛትን ዘንግ በወፍራም ተካነው። ከኋላ ደግሞ በባሌስትራውና የኋላ ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክስል መካከል የሚገባ የብረት ጉርድ ሚሊ ቀረጸልኝ፤ ጉርዱ በወፈረ መጠን መኪናዋ ዝቅ ትላለች። እኔ አወፍረው አልኩት። ውድ መኪና ነው ዝቅ የሚለው ብዬ አወፍረው፣ አወፍረው። ስናወርዳት የሚሊ ድመት ከሥሯ መግባት አቅቷት ዞራ ሄደች። ከቶርኖ ቤቱ በር ሳትወጣ ሆዷ ደፉን ፍቆ፣ ድምፁን የሰማ ሁሉ ጥርሱን ያዘ። አንቺ ብትኖሪ ደንበኛ ታገኚ ነበር።

«አንድ ሚሊ ዝቅ አልክ?» አለኝ ሚሊ።

እንደገና ፈታን። በዚህ ጊዜ ሚሊ አንድ ነገር ነገረኝ። «መኪና ባዶዋን አትለካም» አለ። «ሰው ሲቀመጥባት ነው ቀጥ ማለት ያለባት። ይቺ መኪና ማንን ነው የምትጭነው?»

«ወንድሜን፣ ሚስቱን፣ ልጁን» አልኩት፤ ሳላስብ፣ ሳልተነፍስ።

«እንግዲያው የሁሉንም ክብደት አምጣልኝ።»

ለአባትሽ ሚሊ ራሱ ተቀመጠለት፤ ሆዳቸው መንትያ ነው ብዬሻለሁ። ለእናትሽ ግን ጉድ ፈላ። ቤት ሄጄ በር ዘግቼ አይጡ አይጥ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ ደስ ብሏት ልታቅፈኝ ስትል «እትዬ፣ ክብደትሽ ስንት ነው?» ብላት እጇን መለሰችው።

«አታፍርም?»

«ለመኪናዋ ነው።»

«ለመኪናዋ ስትል በምን አፍህ ነው የምትጠይቀኝ? ራሴ መጥቼ እቀመጥላታለሁ!»

መጣች። የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከሚሊ ጎን፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ቀረሽ አንቺ። ለአንቺ አሸዋ በጆንያ አመጣሁና ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ቦታሽ ላይ አስቀመጥኩት። እናትሽ ዞር ብላ አየችው።

«ይሄ በዛ። ልጄ ከስታለች።»

«ፎቶዋን አይቻለሁ እትዬ፤ ጉንጯ ሞልቷል።»

«ፎቶ ነው! ብርድ ነው ያሳበጠው። ቀንስ።»

ቀነስኩ። ሚሊ መለካት ሲጀምር ደግሞ ሐሳቧን ለወጠች፤ «ቆይ ቆይ፣ ክረምት ልብስ ትደርባለች፤ ትንሽ ጨምር።» ጨመርኩ። «አይ፣ ከዚያ በዛ።» ከወንበሩ ወርዳ ራሷ በእፍኝ እየዘገነች ታወጣለች፣ እየዘገነች ትመልሳለች። ሚሊ መሪው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይዞት ነበር። ስንስማማ ጆንያውን አሰረችው፤ አፉን ብቻ አይደለም፣ በወንበሩ ቀበቶም አሰረችው። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ጉርድ ከግራው እንዲሳሳ ሆነ፤ የአንቺ ክብደት በዚያ በኩል ስለሚጫናት። ሚሊ በመለኪያው ደጋግሞ አይቶ «ሚሊም አይቀራትም» አለ። ከአፉ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። እናንተን ሦስታችሁን ይዛ ዳክዬ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ አለች።

ዛሬ ጠዋት አምጥቼ ደጅ አቆምኳትና ቁልፉን ምስማሩ ላይ መለስኩት። አባትሽ ሊጣጠብ ሲወጣ አያት። ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ምን አደረግካት? አጠረች።»

«እርጅና ነው ጋሼ። እኛስ መቼ በቀድሞ ቁመታችን ነን?»

ዞራት። ቂጧን በሁለት እጁ ተጫናትና ለቀቃት፤ አንድ ጊዜ ተነሥታ ቀጥ አለች፣ ሁለተኛ አልሰገደችም። እንደገና ተጫናት። አየኝ። እኔ ሰማይ አየሁ።

«አይጡ ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«የተማረ አይጥ ነው።»

ወደ ቤት ገባ። ከበሩ ጀርባ ቁልፉ ከምስማሩ ላይ ሲወርድ ያሰማውን ድምፅ እናትሽ ኩሽና ሆና ሰማችው፤ የያዘችውን ማንኪያ ጣለች። «ልምጣ ጋሼ?» አልኩት። «በር ክፈት» አለኝ። ከፈትኩ። ወጣ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ይህን የምጽፈው። አራት ጊዜ ተነሥቼ በሩን አይቻለሁ፤ ምናልባት አምስት። አባትሽ ስልክ ላይ ብደውል ውስጥ ቤት ጮኸ፤ እናትሽ አነሣችው። «የት ነህ?» አለችኝ በጉጉት። «ደጅ» አልኳት። በስልክ የሰደበችኝን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ደግሞ ትሪዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የጻፍኩትን በትከሻዬ በኩል ታነባለች። «ስለ ክብደቴ ጻፍክ?» «አልጻፍኩም።» «ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?» «አሸዋው ጋ ድረሺ፣ እሱ ይሻላል።» አነበበች። ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አሸዋው አሁን የት ነው?» አለችኝ።

«ሚሊ ጋ አራግፌዋለሁ።»

«ታዲያ አሁን ልጄ ቦታ ላይ ማን አለ?»

ብሎኔ፣ ፊደሌ ከዚህ ጀምሮ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ። እኛ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከነመለኪያችን፣ ከነመነጽራችን፣ ያቺን መኪና አንቺን አስቀምጠን ለካናት። ከሦስታችን አንዳችን «ልጅቷ እኮ የለችም» አላልንም። ሚሊስ ምን ያውቃል፣ «ልጁን» ብቻ ነው ያልኩት። እኔ ግን በር ከፍቼ የሸኘሁሽ ነኝ። እናትሽ ናት በእፍኝ እየዘገነች የለካችሽ። ላንዳችንም አልታየንም።

ሚሊ ጋ ደወልኩ። ነገርኩት። «ቀኝ ኋላዋ ከፍ ብላለች ማለት ነው» አለ። «ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ምንም አትል። ወደ ግራ ግን ኋላዋ ይቀልላታል፤ ልትሸሽ ልትሸሽ ትላለች። አያስፈራም፤ ልምድ ያለው ሹፌር ወዲያው ይነቃባታል።»

«ልምድ ስላለው ሹፌር ማን ጠየቀህ? ስለ ወንድሜ ነው የምጠይቅህ!»

ስልኩን ዘጋሁ። ያ ኩርባ ወደ ግራ ነው። ወደዚያ እንደሄደ አልነገረኝም፤ መንገር አያስፈልገውም። አንድ አውቶቡስ ነጂ የተሰደበበትን ቦታ ትቶ ሌላ የት ይሄዳል? እናትሽ ትሪውን ደረጃው ላይ ትታ በሩ ላይ ቆማለች። ምስሩን ወፎች እየለቀሙላት ነው። ልነሣ ነው። እግሬ መቀመጥ አልቻለም።

*

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልሽ ከምሳ በኋላ ነው። እጄን ታጥቤያለሁ፣ ልቤም ቦታው ተመልሷል፣ አንድ ሁለት ሚሊ ቢቀረው ነው።

መንገዱ ጫፍ ድረስ በሩጫ ሄጄ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ በነጠላ ጫማ። ባለ ሱቁ «ሌባ ነው?» ብሎ አብሮኝ ሊሮጥ ወጣ። አንዱ ጫማ ሲያመልጠኝ ድምፁን ሰማሁት። የዳክዬን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ናት። መጣች። ዝቅ ብላ፣ መንገዱን ይዛ፣ ሳትወዛወዝ መጣች። አባትሽ በመስኮት አየኝ፤ በአንድ እግር ጫማ ቆሜያለሁ። ሳያቆም አለፈኝ! ተከትዬው ገባሁ።

ሞተሩን አጠፋ። ወዲያው አልወረደም። እናትሽ በሩን ይዛ «ምን ሆነህ ነው? የት ሄድክ? አመመህ?» ስትለው «ቆይ እንጂ ሴትዮ» አላት፤ ግን እጇን አልገፋም። ከዚያ እኔን በጣቱ ጠራኝ።

«ኩርባው ጋ ሄድኩ» አለኝ። «ወረድኩ፣ ወጣሁ። መልሼ ወረድኩ። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ምላጭ ናት። ሃያ ዓመት እንዲህ ብትነዳ ኖሮ!» መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ወደ ግራ ግን ቀኝ ኋላዋ ይነሣል። ትገለብጠኛለች ማለቴ አይደለም፤ ያዝኳት። ግን አንድ ነገር ጎድሏታል።»

ከወንበሩ ወረደና ቦታሽ ያለበትን በር ከፈተ። ወንበርሽን በመዳፉ ተጫነው።

«እዚህ ላይ ምን አድርገህ ነው የለካኸው?»

ውሸት ፈለግኩ። እኔ፣ ውሸት አጣሁ! «አሸዋ» አልኩት።

«ምን ያህል አሸዋ?»

«የሷን ያህል።»

«የሷን ያህል መሆኑን በምን አወቅክ?»

«እትዬ በእፍኝ ለክታ።»

እናትሽን አያት። እሷ መሬት አየች። እጁን ከወንበሩ ላይ አላነሣም። የሚቆጣ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፤ የጫማው ነገር ስላለ ሩቅ ልሄድ አልችልም። እሱ ግን ቁልፉን ወረወረልኝ።

«ንዳ» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባና አንቺ ቦታ ተቀመጠ።

ያንን መልክ ባየሽ። ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር ገፍቶ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን እየነካ፣ አውቶቡስ እንደሚሳፈር ትልቅ ተማሪ። እናትሽ ፊት ተቀመጠች። ትሪዋንም ከደረጃው አንሥታ ይዛ ነበር። እኔ መሪው ላይ ስሆን በር የሚከፍት ጠፋ፤ ተከትሎኝ የመጣው ባለ ሱቁ ነው ከፍቶ የዘጋልን። ሥራዬን ወሰደብኝ።

ብሎኔ፣ ነዳሁ። እኔ ሹፌር አይደለሁም፤ ፈትቼ መግጠም ነው የማውቀው። በስፖኪዮ ሳየው መስኮት መስኮቱን ያያል። ቁልቁለቱን ጨረስን። ኩርባው መጣ። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ ዳክዬ እሺ አለች፣ ሳታስብ ታጠፈች። አባትሽ ከአሸዋው ይከብዳል፤ ግን ኋላዋ አልተነቃነቀም። ደስ ብሎኝ ትንሽ ነዳጅ ሰጠኋት። ወዲያው ከኋላ፦

«ቀስ በል! ቀስ በል እንጂ አንተ ሰው!»

እናትሽ ትሪዋን ለቀቀችው። ምስሩ ሁሉ ዳክዬ ውስጥ ዘነበ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ዞር ስል አባትሽ ከመስኮቱ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል። ያ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያጓጉዝ የኖረ ሰውዬ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

ቀስ ብሎ እጀታውን ለቀቀ። በመስኮቱ በኩል ወደ ታች አየ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ መንገዱ አይታይም፤ የሚታየው ገደሉ ብቻ ነው። ይህን ከእኛ መካከል የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

«እሷ ጋ ፍሬን የለም» አለ።

ለማን እንደተናገረ አላውቅም። ለእኛ አልመሰለኝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔ መሪ ይዤ ነበር። እሷ ምን ይዛለች? እናቷ ስትጮህ እሷ ዝም አለች። ፈርታ ነው የተናገረችው።»

እናትሽ ምስሩን ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች አለቀሰችም ሳቀችም። እኔ አፍንጫዬን ጠረግኩ፤ ብርድ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን ፀሐዩ ጠራራ ነበር።

ስንመለስ እሱ ነው የነዳው። እኔ ቦታሽ ተቀመጥኩ። በቀስታ፣ የሻይዋን ጠብታ ሳያፈስ ነዳ። ቤት ስንደርስ «ነገ ሚሊ ጋ ወስጄ ጉርዱን በእኩል አስቀይረዋለሁ፤ ያኔ ባዶዋንም ቀጥ ትላለች» አልኩት።

«ተወው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ትሸሻለች እኮ።»

«ተወው አልኩህ። አሸዋውን መልስ። እስክትመጣ አሸዋው ይቀመጥ።»

ብሎኔ፣ «እስክትመጣ» ነው ያለው። እኔ አልጨመርኩበትም። እናትሽ ምስክር ናት፣ ባለ ሱቁም ምስክር ነው፤ ያን ጊዜም በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም። ጋዜጣው ተጣጥፎ መስኮት ማጽጃ ሆኗል። አባትሽ ዳክዬ ውስጥ ምስር እየለቀመ፣ «ይሄን ጎማ ማነው የነፋው? ይሄ ስፖኪዮ ለምን ተጣመመ?» እያለ ይጮህብኛል። ናፍቆኝ ኖሯል ጩኸቱ። አንድ ጊዜ እንደዋዛ «ስትመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመጣት ማን ነው?» አለኝ። ሆን ብዬ «ታክሲ ነዋ» አልኩት። ያየኝን አስተያየት ብታዪ፣ የምትነቅይው ጥርስ ሁሉ በራሱ ይወድቅ ነበር።

«ታክሲ? ልጄን? ታክሲ?»

አሁን በዚህ መስመር ላይ ሳለሁ ጓንቱን አውልቆ መጥቶ ከጎኔ ቆሟል። «ለማን ነው?» «ለብሎኔ።» «የአይጡን ነገር ጻፍክላት?» «ጻፍኩ።» «ኩርባው ላይ የጮህኩትንስ?» «እሱን አልጽፍም ጋሼ፣ ምን አጣላኝ!» እንግዲህ ቃሌን ሰጥቻለሁና ያንን ክፍል አላነበብሽም። ስትደውዪ «ደህና ነህ?» ብለሽ ብቻ አትተይው፤ «ወገቧ እንዴት ነው?» በይው። ከዚያ ስልኩን ከጆሮሽ ራቅ አድርገሽ ያዢ፤ ቶሎ አያቆምም።

አሸዋውን ከሚሊ መልሼ አምጥቻለሁ፤ ጆንያው ቦታሽ ላይ በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። እናትሽ በመጣች በሄደች ቁጥር ትንሽ ዘገን አድርጋ ትጨምርበታለች፤ ወፍራ ነው የምትመጣው ብላ ተስፋ አድርጋለች። በዚህ አያያዟ ከቆየሽ ዳክዬ በቀኝ በኩል መሬት ትነካለች፤ እኔም እንደገና ልፈታት ነው። ነይና አሸዋውን አስወርጂልኝ። በሩን እከፍታለሁ።

በር ከፋቹ አጎትሽ
(አንድ እግር ጫማዬ አልተገኘም፤ ኪስሽን እዪልኝ)